ከመርዶ የቀደመ ግጥም

እና ደግሞ ይቀረጻል ትለኛለች አዘጋጇ፣ ደስ የሚለኝ መስሏት፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ ቤተሰብሽም ያይሻል፣ ጉድ ፈላ፣ እኔ እኮ እዚህ ለተቀመጡት ሠላሳ ሰዎች አንብቤ ወደምሠራበት ሆቴል አንሶላ መተኮስ የምመለስ መስሎኝ ነው፣ እማዬ ኢንተርኔት ያለውን የጎረቤቷን ስልክ ተውሳ ታየዋለች፣ የኔ ነገር መቼ ያመልጣታል፣ ግጥሙ ደግሞ ወንድሜ ባሕር ውስጥ ቀረ ይላል፣ በግልጽ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ እሷ ዘንድ ግን ጭራሮዬ የምትለው ቀጭኑ ልጇ አልሞተም።

አራት ዓመት። ካምፕ ነው ያለው፣ ስልክ አያስገቡም፣ ሰላም ብሎሻል፣ እላታለሁ፣ አንዴማ ወፍሯል አልኳት፣ ሙት ማወፈር ከኔ ተጀመረ። መርዶ በስልክ አይነገርም አለኝ አጎቴ፣ ሰው ይላካል፣ በማለዳ፣ እሺ አልኩ፣ የሚላከው ሰው ሳይገኝ እሱ ራሱ ሞተ፣ የሱን ግን ለኔ በስልክ ነገሩኝ።

የስደትን ቁስል በቃላት የምታክም የሁለት አገር ገጣሚ፣ ይላል የዝግጅቱ ወረቀት ስለ እኔ፣ ሁለት? እስቲ አንዱን አሳዩኝ። ሌላ ግጥም ነበረኝ እኮ፣ አንሶላ ላይ ስለሚቀር ፀጉር፣ አዘጋጇ ቆንጆ ነው ብላ ወደ ጎን አደረገችው፣ የባሕሩን ነው የሚፈልጉት፣ እጁ ከእጄ አመለጠ የሚለው ጋ ሲደርሱ ያለቅሳሉ፣ አላመለጠም፣ እኔ ነኝ የለቀቅኩት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቄ፣ ይዞኝ ሊሰምጥ ነበራ፣ ይሄን ማን ይጽፋል፣ ገጣሚ ተብዬ! እናቷን የዋሸች ለታዳሚ ምን ገዷት።

ቀጥሎ አንቺ ነሽ ይለኛል ድምፅ ማጉያውን የሚያስተካክለው ሰውዬ፣ መጣሁ፣ ሽንት ቤት እገባለሁ፣ እቆልፋለሁ፣ እደውላለሁ፣ አታንሺው እማዬ፣ አንሺው።

አቤት የኔ እናት፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል፣ ትለኛለች፣ ጉንፋን ነው እላለሁ፣ እንዴት ዋልሽ፣ ጎረቤቶችሽ ደህና ናቸው፣ ዙሪያ ጥምጥም፣ ተናገሪ እንጂ አንቺ ፈሪ፣ አፌ ግን ሌላ ያወጣል፣ እማዬ፣ አጠገብሽ ማን አለ።

ወይኔ፣ ነገርኳት እኮ፣ ይሄን የሚጠይቅ መርዶ የያዘ ሰው ነው።

በሩ ይንኳኳል፣ ተራሽ ደርሷል፣ እዚያ ማዶ እማዬ የያዘችውን ዕቃ መሬት ላይ ስታስቀምጥ ይሰማኛል፣ ማንም የለም ትላለች፣ ቆይ ልቀመጥ፣ ቆይ፣ አብረሽው ነበርሽ ወይ፣ አዎ እላለሁ፣ አብሬው ነበርኩ፣ እንኳን ብቻውን አልሆነ ልጄ፣ እንኳን አንቺ አጠገቡ ሆንሽለት፣ ትለኛለች።