እምነት የተቀባው እግር

አድማሴ ሐብተ ማርያም ሥራ የሚለግም ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የማወራው ነገር ሰነፍ እንዳያስመስለው ብዬ ነው። ጎንደር ከተማ የመሪጌታ ልጅ ሆኖ ተወልዶ፣ ዳዊት ተምሮ፣ ከዚያ ነጭ ካፖርት ለብሶ ድሬሰር የሆነ፣ ልጅ መርፌ ሲወጋ ከልጁ ቀድሞ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ነው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ሰነፍ ነው ተብሎ ያልፍለት ነበር። እሱ ግን ለጥፋቱ ያማረ ሰበብ ነበረው፤ ያ ነው የከፋው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ ነው። በዚያ ዓመት የጃናሞራን ገብስ ውርጭ አቃጥሎት፣ ሕፃናቱ ምን ያህል እንደተጎዱ ታይቶ የዱቄት ወተት ይታደላቸው ተባለ። አድማሴ ከአንድ ዶክተር ጋር እስከ ደባርቅ በላንድሮቨር፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ሄዶ መካነ ብርሃን ገባ። ሥራው ለሚሰማው ቀላል ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለውን ልጅ በሸራ ሱሪ አድርጎ ዛፍ ላይ ከተሰቀለው ሚዛን ማንጠልጠል፤ ዕድሜውን መጠየቅ፤ በመጨረሻ የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣት ተጭኖ እስከ ሦስት መቁጠር። ጣቱ ሲነሣ ጉድጓዱ ካልሞላ ልጁ በረኀብ ብዛት ሰውነቱ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ልጅ፣ ኪሎው ምንም ቢሆን፣ ከመጡት ሁለት ጆንያዎች በዚያው ሳምንት ወተት ይሰጠዋል። የቀሩት እስከ መጋቢት ይጠብቃሉ።

ዶክተሩ ወደ ሌላው አጥቢያ ሊሄድ በቅሎው ላይ ሆኖ እንኳ ደገመለት። "እግሩ ካበጠ ሚዛኑን አትመነው። የመዘንኸው ውሃ ነው" አለው። አድማሴም ገብቶኛል አለ። ገብቶትም ነበር እኮ።

በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ሽታዬ የምትባል ሴት ልጇን አዝላ ተራዋ ደረሰ። ልጁ ውዱ ይባላል። ዕድሜው ሲጠየቅ ፍልሰታ ሲያዝ ነው የተወለደ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ፍልሰታ አልፎታል አለች። ታናሽ እህቱ ተወልዳ ጡት ካስጣለችው አራት ወሩ ነው። ፊቱ ክብ፣ ጉንጩ ሙሉ ነው። ከጉልበቱ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ግን እምነት ተቀብቷል፤ አመድማው የተባረከ አፈር ደርቆበት እግሩ ግራጫ ሆኗል። እግሩ ከብዶት መሄድ ስለተወ ኪዳነ ምሕረት ወስዳው፣ ቄሱ ቀብተው ሰባት ቀን ውሃ እንዳይነካው ብለዋታል። ሦስተኛው ቀን ነበር።

ሚዛኑ ላይ ሲሰቀል አላለቀሰም። በዚያ ቀን የተሰቀለው ልጅ ሁሉ አገሩን በጩኸት ሲያናውጥ የዋለ ነው፤ ውዱ ግን ዝም ብሎ አንድ ቦታ ያያል። ሴቶቹ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው አሉ። ጭቃ ሹሙ አያ ማሩማ፣ ይህስ ቅቤ ሲበላ የከረመ የባላባት ልጅ ነው ብሎ ቀለደ፤ ሽታዬ ከዓይን ይጠብቅልኝ ብላ እንትፍ እንትፍ አለችበት። አሥራ ሁለት ኪሎ። ለዕድሜው ደህና ነው።

አድማሴ እግሩን ሊጫን ተንበረከከ። እጁም ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ከልጅነቱ እምነት የተቀባ ሰው ሲያይ ገለል ብሎ ማለፍ የለመደ ነው። አሁን አፈሩ በአውራ ጣቱ ተፈቅፍቆ ቢወርድ እነዚህ ሴቶች ምን ይላሉ፣ ከከተማ የመጣው ሐኪም የኪዳነ ምሕረትን እምነት አራገፈ አይሉም? ይህ የሰበቡ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔ ልንገራችሁ። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር፤ ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘዋል፤ ገና አሥራ አንድ እናት ተቀምጣለች፤ በቅሎዋ ከጨለመ በኋላ በዚያ ቁልቁለት አትሄድም። የትኛው ግማሽ እጁን እንደያዘው እሱ ራሱ አጣርቶ አያውቅም።

"ጌታዬ፣ እግሩንስ አያዩትም?" አለች ሽታዬ።

"እምነቱ ይበቃዋል" አላት። "ሸጋ ልጅ ነው።"

ከስሙ ትይዩ "ደህና" ብሎ ጻፈ። ሽታዬም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ ልጇን አዝላ ሄደች።

ጎንደር ከተመለሰ በኋላ ነገሩ አልለቀቀው አለ። ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ሲገለብጥ ውዱ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይቆማል። ያ ዝምታው ትዝ ይለዋል። የማያለቅስ ልጅ እንደሚያስፈራ ማን ነው ያላስተማረው? በሽተኛውን ቀን ሙሉ ሲያይ የሚውል ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል? አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቱ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ምነው ልጄ፣ እህሉን ዝም ብለህ ታየዋለህ አሉት። ነገራቸው። ሲነግራቸው ግን አሳምሮ ነው፤ ለእምነቱ ክብር ብዬ እግሩን ሳልነካ ቀረሁ አለ። ሃይማኖተኛ ልጅ ወለድሁ ብለው ደስ የሚላቸው መስሎት ነበር።

ሽማግሌው እጃቸውን ከመሶቡ አነሡ።

"ቄሱ እምነቱን በምን ቀባው? በእጁ አይደለም? ውሃ አይንካው አለ እንጂ ሰው አይንካው መቼ አለ? እምነት ለድኅነት ነው የሚሰጥ፤ አንተም ለዚያው ነው የተላክህ። ሰበብህን እግዚአብሔር ላይ አታላክክ።"

አድማሴ በማግስቱ የመጋቢቱን ወተት እኔ ይዤ ልሂድ ብሎ ለመነ፤ ያን ዳገት የሚሻማው ስለሌለ አለቆቹ ወዲያው ፈቀዱለት።

መካነ ብርሃን ደርሶ ስም ሲጠራ ሽታዬ አልመጣችም። አያ ማሩን ጠየቀው። ያ ጨዋ ልጅ? አለ አያ ማሩ ወደ መሬት እያየ። ዐቢይ ጾም ሊያዝ ሦስት ቀን ሲቀረው ተቀበረ። እናቱም ከዚያ ወዲህ ሰው መሀል አትወጣም።

አድማሴ ቤቷን ጠይቆ ብቻውን ሄደ። ስታየው ደንግጣ ተነሣች፤ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ከጓዳ በእፍኟ የማትሞላ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችለት። በዚያ ቤት ያለው ያ ብቻ እንደሆነ ዓይን ላለው ሁሉ ይታያል። ልጇን ላሳጣት ሰው ቆሎዋን ታቀርባለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ሳይጠይቃት እሷው ጀመረች። ልጁን የገደልሁ እኔ ነኝ አለች። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ያ የሸራ ሱሪ የጉልበቱን እምነት ፈቀፈቀው፤ ሱባኤው ሳይፈጸም ላስመዝን ብዬ ወስጄው ኪዳነ ምሕረት ተቀየመችኝ። ለነፍስ አባቷ ተናዛለች፤ በቀን አርባ ስግደት ተሰጥቷታል። ባሏም የወተት ስስት ልጄን በላብኝ እያለ እህል አብሯት መብላት ትቷል። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ጉልበቷ ላይ ግን የስግደቱ ጠባሳ ከተቀደደው ቀሚሷ ሥር ይታያል።

አድማሴ ቆሎውን ይዞ ቀረ። አሁን ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? እምነቱ ተፈቅፍቆ ነው ተብሎ አድሯል፤ አገሩም አምኗል፤ እሱም ወተቱን አድሎ በሰላም ይሄዳል። የልጁን ሞት ግን ይችው ሴት ዕድሜዋን በሙሉ በጉልበቷ ትከፍለዋለች። እንዲህ አሰበ፤ ጥቂትም አይደለም ያሰበው። ከዚያ ቆሎውን ሰፌዱ ላይ መለሰ።

"ሽታዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" አላት። "እግሩ አብጦ ነበር። እኔ ነበርሁ ተጭኜ ማየት የነበረብኝ። ይዩት ብለሽ ለምነሽኛል፤ አላየሁትም። ባየው ኖሮ በዚያው ሳምንት ወተት ያገኝ ነበር።"

እሳቱ ዳር የነበረችው ትልቋ ልጇ ትርንጎ ሁለቱንም ታያለች።

"ይድን ነበር?" አለች ሽታዬ።

"አላውቅም። ብዙዎቹ ድነዋል።"

ተነሣች። ውጣልኝ ልትለው ነው ብሎ እሱም ብድግ አለ፤ ቢሰድቡት፣ ቢመቱት ይቀለው ነበር። እሷ ግን ትርንጎን ጎትታ አመጣቻት። የልጅቱ ዕድሜ አምስት ስላለፈ ጥር ላይ አልተመዘነችም፤ ያኔ ቤት ቀርታ ሕፃኗን ትጠብቅ ነበር። ሽታዬ ልጅቱን መደቡ ላይ አስቀምጣ እግሯን አንሥታ አድማሴ ጉልበት ላይ አኖረችው። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ግራጫ ነው፤ እምነት ተቀብቷል።

"ትናንት ነው የቀባናት" አለች። እስከዚያች ሰዓት አንቱ ስትለው የነበረችው ሴት አሁን አንተ አለችው። "ንካ። አንተ ንካት።"

ነካት። አፈሩ በአውራ ጣቱ ሥር ተሰነጣጠቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ድምፅ አውጥቶ ቆጠረና ጣቱን አነሣ። ጉድጓዱ አልሞላም። ባቄላ የምትገባበት ያህል ጎድጉዶ ቀረ።

ሽታዬ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ የራሷን አውራ ጣት በሌላው እግር ላይ አሳርፋ ተጫነች፤ እሱ እንደቆጠረው ቆጠረች፤ አነሣችና ያንንም አየች።

"የውዱም እንዲህ ነበር" አለች። "ሳዝለው የጣቴ ምልክት እግሩ ላይ ይቀር ነበር። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

አድማሴ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ደብተሩን አውጥቶ የትርንጎን ስም ከሁሉ በላይ ጻፈ፤ ከዚያ ወተቱን ሊያመጣላት ወጣ።