ያልደረቀው ፀጉር

የፔዳ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ፀጉር ሠሪዋ ሒክማ ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ እጇ ብቻ ነው። ሌላው ነገሯ ብዙም አያስወራም። ቀጭን ናት፣ ኮስታራ ናት፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ በስልክ የምትጮህ ደንበኛ ካለች ፊት ለፊት ትቆጣለች። እጇ ግን ሌላ ነው። ሂውማን ሄር ስትሰፋ ስፌቱ የት እንደጀመረ ራሷ ሰፊዋም ፈልጋ አታገኘውም ይባልላታል። መጀመሪያ የደንበኛዋን ፀጉር ቆዳው ላይ አስጠግታ በቀጫጭኑ ትጎነጉነዋለች፤ ከዚያ በጎባጣ መርፌዋ የተገዛውን ፀጉር ጉንጉኑ ላይ መስመር በመስመር ትሰፋዋለች። ሲያልቅ ስብከቷ ይጀምራል።

"ስታበጥሪው ከጫፉ ጀምሪ፣ ከአናቱ እንዳትጎትቺው። ስታጥቢው እስከ ሥሩ ይድረቅ። እርጥቡን ይዘሽ ከተኛሽ ይሸታል፣ ያንቺንም ይበላዋል።"

ተማሪዎቹ እሺ፣ እሺ ይላሉ፤ ማታ እርጥቡን ይዘው ይተኛሉ።

ስብከቷን ከልቧ የምትሰማት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ኢልሃም የምትባል የቁንዝላ ዓሣ አጥማጅ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ የገባችው አምና ነው። ለዒድ አገሯ ልትገባ ስትል ሒክማ ወገብ የሚነካ፣ ጥቁር፣ እንደ ሐር የሚለሰልስ ፀጉር ሰፋችላት። እንዲያ ያለ ፀጉር ሒክማ ከዚያ በፊት እጇ ገብቶ አያውቅም። ኢልሃም በመስታወቱ ዞር ዞር ብላ አየችው፣ ሳቀች፣ በሻሿ ሸፈነችውና ወደ ጀልባው ወረደች።

የጣና ሐይቅ ላይ ነፋስ ተነሣ። ጀልባው ተገለበጠ፤ ሌሎቹ እየዋኙም እየተጎተቱም ወጡ። ኢልሃምን ውኃው ያስረከበው ሰው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው፤ ቁንዝላ አጠገብ፣ ደንገሉ ውስጥ ተሰክታ አገኟት።

ሒክማ መርዶውን የሰማችው ከመልእክት ጋር ነው። ሬሳ የሚያጥቡት ሴቶች ተቸግረው ነበር። እንደ ሥርዓቱ ውኃው እስከ ራስ ቆዳ ድረስ መዝለቅ አለበት፤ የሴት ፀጉር ይፈታና ይታጠባል፣ ሦስት ጉንጉን ተደርጎም ወደ ኋላ ይለቀቃል። ይኼ ግን ተሰፍቷል። በመቀስ እንዳይቆርጡት የልጅቱን ፀጉር አብረው ሊቆርጡባት ነው፤ የሟችን ፀጉር ደግሞ ማን ደፍሮ ይቆርጣል? "የሰፋችው ትምጣና ትፍታ" ተባለ።

ሒክማ ጉድጓዳሙን የቁንዝላ መንገድ ይዛ በመኪና ሄደች። ጀልባ የሚባል ነገር ለማየትም አልፈለገችም። የአጣቢዎቹ ትልቅ እማ ሸጊቱ ነበሩ፤ ወገባቸው የጎበጠ፣ ድምፃቸው ግን የሚያዝዝ አሮጊት። ሒክማን ከሟቿ ራስጌ አስቀመጧት። በሕይወቷ ደንበኛዋ እንዲያ ዝም ያለችበት ቀን አልነበረም። ክሩን በምላጭ ጫፍ እያነሣች በጠሰችው፣ ደግሞ በጠሰችው፤ መስመሩ አንድ በአንድ ተላቀቀ።

ሲያልቅ ከባድ፣ እርጥብ ፀጉር ጭኗ ላይ ቀረ።

"ይኼ የሷ ገላ አይደለም፤ ከከፈኑ አይገባም" አሉ እማ ሸጊቱ። "ግን ጥለሽው እንዳትሄጂ። ሬሳ ላይ የነበረ ነው። ለብቻው አፈር አልብሺው።"

"እሺ፣ እማ።"

"አደራ ነው።"

"እሺ አልሁ፣ እማ።"

እሺ ስትል ልትዋሽ አስባ አልነበረም። በፌስታል ጠቅልላ ይዛው ተመለሰች፤ ነገ እቀብረዋለሁ አለች፤ በነገታው ዝናብ ሆነ፤ በሌላው ቀን ሥራ በዛ። ሰው አደራ የሚበላው እንዲህ ነው፤ ቁጭ ብሎ መክሮ አይበላም።

ከዚያ የሱምያ ነገር አለ። ሱምያ ታናሽ እህቷ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት ሒክማ ናት። ኢስሀቅ የሚባል የወረታ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ቀን ተቆርጦላታል። ሠርጉ ሲቃረብ ታይፎይድ ጣላትና ፀጉሯን ከፊት ለፊት አራገፈው፤ ግንባሯ እስከ አናቷ ወጣ። ለወንዱስ ሻሽ አለ። በሒናው ዕለት ግን ሴቶች ብቻ ተሰብስበው ሙሽራዋ ራሷን ገልጣ ትቀመጣለች፤ የሙሽራው እናት፣ አክስቶቹ፣ እህቶቹ ሁሉ ያያሉ።

"እኔ እዚያ መሐል ራሴን አልገልጥም" አለች ሱምያ። "ይቅርብኝ፣ ሒኩ። ሠርጉም ይቅር።" ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

የሒክማ አንጀት አይችልም። ለእህቷ ሲሆን ድሮም አይችልም። ፌስታሉን አወጣችው። ደጋግማ በሻምፑ አጠበችው፣ አለቀለቀችው፣ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው። ቢስሚላህ ብላ በተረፈው የሱምያ ፀጉር ላይ ሰፋችው። ከየት መጣ ስትባል "ከአዲስ አበባ ተላከልኝ" አለች። ሱምያ መስታወቱ ፊት ቆማ የገዛ ፊቷን በመዳፏ ያዘችው፤ ያን ዕለት ቤቱ ሁሉ ሳቅ ሆነ።

ፀጉሩ ግን አልደረቀም።

መጀመሪያ ሒክማ ዝናቡን ጠረጠረች። ሱምያን ካስክ ሥር አስቀመጠቻት፤ ፀጉሩ እንፋሎት አወጣ፣ ጆሮዋ እስኪቀላ ሞቀ፣ ስታወጣት ከጫፉ ውኃ ጠብ አለ። ፎጣ ጠመጠመችበት፤ ፎጣው ተጨመቀ። ቆዳው ጋ ጣቷን ስትሰድ በረዳት፤ ጧት ከሐይቁ የተቀዳ ውኃ ውስጥ እጅ እንደመንከር ነው። ሽታውም የሻምፑ አይደለም። የበሰበሰ ደንገልና የጭቃ ሽታ ነው።

"ደርቋል እኮ፣ ምን ያነካካሻል?" ትላታለች ሱምያ። ጧት ጧት ትራሷን ሒክማ በድብቅ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች።

ከዚያ፣ ሒናው ገና ሳይደርስ፣ ልጅቷ መለወጥ ጀመረች። ዓሣ ሲጠበስ ከግቢ ትወጣ የነበረችው ሱምያ ዓሣ አምጡልኝ አለች፤ ቀርቦላት እሾሁን በምላሷ እየለየች፣ ሳታይ፣ እያወራች በላች። የሐይቅ ዳር ልጅ እንጂ የከተማ ልጅ እንዲያ አይበላም። ነፋስ ሲነሣ መስኮት ጋ ትሄድና ወደ ጣና ታያለች። የኢስሀቅን ስልክ ማንሣት ተወች። "ማን ነው?" ትላለች፣ ስሙ እየታየ። ሒክማ ፈራች። ፍርሃቷን ግን የምትነግረው ሰው የለም፤ ለመናገር መጀመሪያ ፌስታሉን መናገር አለባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፀጉር ቤቷ በር ላይ አንዲት ሴት ቆሙ። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ ፊታቸው በፀሐይና በለቅሶ ከስሏል። ሒክማ ወዲያው አወቀቻቸው። የኢልሃም እናት እትዬ ዘሊካ ናቸው።

"ደኅና ነሽ፣ ልጄ?" አሉ። "ሥራ አስፈታሁሽ።"

"ኧረ ምንም አይደል። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

አልተቀመጡም። "ልጄ በሕልሜ ትመጣለች። እማ፣ ራሴን በረደኝ ትለኛለች። ሌላ ነገር አትለኝም። ከፈንሁሽ፣ ቀበርሁሽ፣ ምን ጎደለብሽ እላታለሁ፤ በረደኝ ብቻ ነው። እማ ሸጊቱን ባማክራቸው፣ ያ ፀጉር የተቀበረበት ሂጂና ዱዓ አድርጊ አሉኝ። የት ነው የቀበርሽው? አሳይኝ።"

መጋረጃው ጀርባ ሱምያ ተኝታለች። ሒክማ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሌላ ነው።

"እ... ሐይቁ ዳር ነው። ትልቁ ሾላ ሥር።"

እትዬ ዘሊካ እጇን ይዘው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። "ይኼን እጅሽን አላህ ይባርከው። ልጄን በወጉ የፈታ እጅ ነው" አሉና ወጡ። ሒክማ በበሩ ቀዳዳ አየቻቸው፤ ወደ ሾላው እያቀኑ ነው። ምንም በሌለበት አፈር ላይ ሊንበረከኩ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ራሷን የጠላችበት ጊዜ የለም።

መጋረጃው ተገለጠ። ሱምያ ናት፤ ፀጉሩ ትከሻዋን አርሶታል።

"እማ መጥታ ነበር?" አለች።

የእናታቸው መቃብር ሣር ከበቀለበት ቆይቷል። ሒክማ በሩን ቆለፈች፣ እህቷን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፣ ምላጩን አነሣች። ሱምያ አልተቃወመችም። ክሩ ሲበጠስ ፀጉሩ በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ የወደቀበት ውኃ አቆረ። ከሥሩ የሱምያ የገዛ ፀጉር ብቅ አለ፤ የሳሳ፣ አጭር፣ ደረቅ። ደረቅ! ሒክማ አልሐምዱሊላህ እያለች በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰችው፣ እያለቀሰችም ሳመችው።

ሱምያ መስታወቱን የሌላ ሰው ቤት በመስኮት እንደሚያይ ሰው አየችው። ተነሣች፣ ልብሷን አራገፈች፣ የሒክማን ነጠላ ከመስቀያው አንሥታ ተከናነበች።

"አመሰግናለሁ፣ እትዬ ሒክማ" አለች፣ ደንበኛ እንደሚያመሰግን። "ጀልባው ሳይሄድብኝ ልውረድ። እማ እየጠበቀችኝ ነው።"

በሩን ከፍታ ወጣች።

ሒክማ ፀጉሩን ከወለሉ አፍሳ ፌስታል ውስጥ ከተተችና ተከተለቻት። ሱምያ ብላ ጠራች፤ መንገደኞች ዞሩ፣ ሱምያ አልዞረችም። ጀልባ ተሳፍራ የማታውቅ ልጅ ወደ ዳርቻው የሚወስደውን አቋራጭ ሳትጠይቅ ገባችበት። ሾላው ሥር እትዬ ዘሊካ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ላይ ናቸው። ሱምያ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ራሷን ጭናቸው ላይ አሳረፈች።

"እማ፣ በረደኝ።"

የእትዬ ዘሊካ እጅ ወደ ልጅቷ ራስ ሄደና አየር ላይ ቆመ። ፊቷን አዩ፤ የማያውቁት ፊት ነው። ድምፁን ግን ያውቁታል። ቀና ብለው ሒክማን አዩ፣ በእጇ የሚንጠባጠበውን ፌስታል አዩ። የሚጠየቅ ነገር አልቀረም።

ሒክማ ተንበረከከች። "ዋሸሁዎት። አልቀበርሁትም። ለእህቴ ሰፋሁት። እቺ እህቴ ናት፤ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። እኔ ብጠራት አትሰማኝም፣ እርስዎን ነው የምትሰማው። ልጄ አይደለሽም ይበሏት።"

እትዬ ዘሊካ እጃቸውን አወረዱ፤ ያችን የሳሳች ፀጉር ቀስ ብለው መዳበስ ጀመሩ። ልጅቷ ዐይኗን ጨፈነች።

"እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ።"

"ዝም በይ። ትንሽ ቆይ።"

ሐይቁ ዳሩን ይልሳል፤ የቁንዝላው ጀልባ ሰው እየጫነ ነው። ሴትዮዋ ልጅቷን በእጇ ይዘው ተነሥተው ቢሳፈሩ ማን ይከለክላቸዋል? ልጅቷ እናቴ ናት ትላለች። ሒክማ በሳቸው ቦታ ብትሆን እንደምትወስዳት አወቀች።

በመጨረሻ እትዬ ዘሊካ የልጅቷን ራስ በሁለት እጃቸው ከጭናቸው አነሡት።

"ስሚኝ" አሉ። "እኔ ልጄን አጥቤ፣ ከፍኜ ቀብሬያለሁ። አንቺ የኔ ልጅ አይደለሽም።"

"እማ።"

"እማ አትበይኝ። አላውቅሽም። የሰው ገላ ነው የያዝሽው፤ ልቀቂው። እኔ ጋ ለመኖር ብለሽ ከሆነ፣ እኔ አልቀበልሽም። ሂጂ።"

ልጅቷ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ በሁለት እጇ ቀሚሳቸውን ያዘች። እትዬ ዘሊካ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቀሚሳቸው አላቀቁ። ሁሉንም ሲጨርሱ ፊታቸውን አዞሩ። ለቅሶው ቀነሰ፣ ቆመ።

ሱምያ ዙሪያዋን ተመለከተች። ከዚያ ነጠላው ከራሷ መንሸራተቱን አየችና ደንግጣ ግንባሯን በመዳፏ ሸፈነች።

"ሒኩ! ፀጉሬን ምን አደረግሽው? እንዲህ ሆኜ ሰው መሐል ታመጪኛለሽ?"

ሒክማ አቅፋት አነባች። ያ እፍረት የሱምያ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም።

ቀና ስትል እትዬ ዘሊካ ፌስታሉን አንሥተዋል። ፀጉሩን አውጥተው በነጠላቸው ጠቅልለውታል፤ ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

"ይስጡኝ፣ እኔ ልቅበረው" አለች ሒክማ። "አሁኑኑ፣ ፊትዎ።"

"አንቺ አትነኪውም።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።"

ሴትዮዋ የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ይመስላሉ።

"ልጄን ሁለት ጊዜ ቀበርኋት" አሉ። "ፊተኛውን አላህ አዘዘብኝ፣ ቻልሁት። የዛሬውን ግን በገዛ አፌ፣ እማ እያለችኝ ነው የቀበርኋት። አንቺ ነሽ ያስቀበርሽኝ። ይቅርታውን ከልጄ ጠይቂ።"

ጥቅላቸውን አቅፈው ወደ ጀልባው ወረዱ።