መልእክቱን ማን ያንብብ

«እማ፣ አሁን ያነበቡት ምን ማለት ነው?»

ሶስና ይህን የጠየቀቻት አምና፣ በቅዳሴ መካከል፣ የነጠላዋን ጫፍ ጎተት አድርጋ ነበር። ወርቅነሽ ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ግዕዙ ቀርቶ የአማርኛ ፊደል እንኳ አትለይም። «ዝም በይ፣ ይቀደሳል» ብላ አለፈቻት።

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ መምጣቱንም ተወችው። «ስልኬ ላይ የምሰማው ስብከት ይገባኛል፤ እዚያ ሦስት ሰዓት ቆሜ አንድ ቃል ይዤ አልወጣም» አለች።

ወርቅነሽ መርሳ ከተማ መንገድ ዳር ብርቱካንና ማንጎ ትሸጣለች። በዚያው ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። መምህርቷ ሀጂራ ከክፍል በኋላ እያስቀረቻት የሐዋርያውን መልእክት ታስነብባት ነበር። ሀጂራ ሙስሊም ናት፤ መልእክቱን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። «ይኼ ሰውዬ ነጥብ የሚባል አያውቅም እንዴ?» ትል ነበር። «ትንፋሽሽ ሲያልቅ ዝም ብለሽ ቁሚ፤ እሱ እንደሆን አይቆምልሽም።»

አሁን ነሐሴ ሃያ ሁለት ነው፤ እሑድ ጧት። ጦርነቱ እንደገና ካገረሸ አምስተኛ ቀኑ ነው። ከቆቦና ከወልድያ የሚሸሸው ሰው አስፋልቱን ሞልቶታል። የሟች ባሏ ወንድም ደምሴ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ለሰኞ ጧት ጋቢናው ውስጥ ለእናትና ልጅ ሁለት ቦታ ይዞላቸዋል። ሶስናም ቤተ ክርስቲያን የመጣችው እናቷ «ደሴ ከመሄዳችን በፊት እንሳለም» ብላ ስለለመነቻት ብቻ ነው።

አርባ ያህል ሰው ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር ቆሟል። የቤተ ክርስቲያኑ በር አልተከፈተም። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ የተገኙት ሽማግሌው ቄስ ገበየሁ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም አራስ ምራታቸውን ብሌንን ቤት ትተው ነው የመጡት። ሁለተኛው ቄስ ትናንት ቤተሰቡን ይዞ ሄዷል። ከዲያቆናቱ ሁለቱ ደሴ ገብተዋል፤ አንዱ ሚሊሻ ሆኖ ዘምቷል።

«እንግዲህ በየቤታችሁ ጸልዩ» አሉ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አቶ ፈንታው፣ የግቢውን ቁልፍ እያንቀጫቀጩ። «ሰው መሰብሰቡም ጥሩ አይደለም። በሩን ልቆልፍ ነው።»

«ይህን ሁሉ ሰው ባዶውን ሊሰዱት?» አለች ፋንቱ የምትባል ጎረቤታቸው። «የዕለቱ መልእክት እንኳ ይነበብልን እንጂ።»

«በአማርኛ ከሆነ» አለች ሶስና፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ወርቅነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ይህ የቆየ ጠብ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መልእክቱ በአማርኛም ይነበብ ብለው ሁለት ዓመት ጠይቀዋል፤ አዋጥተው መጽሐፉንም ገዝተዋል። ቄስ ገበየሁ «አባቶቻችን ያላደረጉትን አላደርግም» እንዳሉ ናቸው። ከወጣቶቹ ግማሾቹ ተሰላችተው ቀርተዋል።

«አባ፣ ለዛሬ በአማርኛ ያንብቡላቸውና ይሰናበቱ» አሉ አቶ ፈንታው፣ መጽሐፉን ከዕቃ ቤት አምጥተው እያቀበሏቸው።

ቄስ ገበየሁ መጽሐፉን ገለጡት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያም በግዕዝ ጀመሩ። ዐይናቸው ገጹ ላይ ነው፤ ጣታቸው ከመስመር መስመር ትወርዳለች።

ሶስና ፊቷን አዙራ ወደ በሩ ሄደች።

ወርቅነሽ አጠገባቸው ስለነበረች ገጹን አየችው። ርእስ፣ ቁጥር፤ ርእስ፣ ቁጥር። ማውጫው ነበር። አምና ቢሆን አትለየውም። ያችን ጣት ግን ታውቃታለች፤ እሷም ቀበሌ ወረቀት ሲሰጧት ጣቷን እንዲሁ እያወረደች፣ ራሷን እየነቀነቀች፣ ያነበበች ትመስል ነበር። ነገሩ ገባት። ግዕዙን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ይዘውታል። አማርኛውን ግን ከገጹ ማንበብ ሊኖርባቸው ነው፤ ዐይናቸው ደግሞ ከድቷቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጣላው ይኸው ነበር።

ሲጨርሱ ጎንበስ ብላ ቀረበቻቸው።

«አባቴ፣ ይባርኩኝ። አማርኛውን እኔ ላንብበው። ስሳሳት ያርሙኛል፤ አንቱ በቃልዎ ያውቁታል።»

ሽማግሌው ፊቷን ለመለየት ጠጋ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ላይ ነው የገለጥሁት?» አሏት።

«ማውጫው ላይ።»

«አይተሽ ነው ዝም ያልሽ?»

«እኔም ሃያ ዓመት እንደዚያ ነው ያነበብሁት፣ አባቴ።»

ቄስ ገበየሁ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

«ሴት ልታነብ ነው?» አሉ አቶ ፈንታው። «ኧረ አባ!»

«ዋርካ ሥር ነን ፈንታው፤ መቅደስ አልገባች። ወይስ አንተ ታነብልናለህ?»

«መነጽሬን አልያዝሁም።»

«እንግዲያው ቁልፍህን ያዝ።»

ሰው ሳቀ። ወርቅነሽ ግን ማውጫውን በጣቷ እየተከተለች ገጹን ፈልጋ አገኘችና ጀመረች። ትንፋሿ ሲያልቅ ቆመች። ንባቡ እንግዳን ስለ መቀበል ነበር። አንድ ረጅም ቃል ላይ ደርሳ ሦስት ጊዜ ስትጀምረው ቄስ ገበየሁ ቀስ ብለው አቀበሏት። ስትጨርስ መጽሐፉን ለቄስ ገበየሁ መለሰችላቸው።

«አባ» አለች ፋንቱ፣ «እንግዳ የሚባለው እስከ ስንት ቀን ነው?»

«ለምን ጠየቅሽ?»

«ከቆቦ የመጡ ሰባት ሰዎች እኔ ቤት ናቸው። ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ ሽሮዬ ሊያልቅ ነው።»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ቄስ ገበየሁም ሳቁ። «ሐዋርያው ቀን አልቆጠረም። ሽሮውን ግን ላንቺ ብቻ አልተወውም፤ ደብዳቤውን የጻፈው ለሁላችን ነው።»

«ከእኔ ቤት አንድ ቁና ውሰጂ» አለ አንድ ገበሬ ከኋላ። ሌላዋ ሁለቱን ሰዎች ልትወስድላት ተስማማች። ከዚያ ሌላ ሰው ጠየቀ፤ ከዚያም ሌላ። ቄሱ በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት የተማሩትን ትርጓሜ አንድ በአንድ እያወጡ መለሱ። «ሠላሳ ዓመት ሳገለግል እንዲህ የጠየቀኝ የለም» አሉ። ሶስና ከበሩ ተመልሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሷም ጠየቀች፤ ሁለት ጊዜ።

ሲለያዩ ቄስ ገበየሁ መጽሐፉን ለወርቅነሽ ሰጧት። «የሚመጣውን እሑድ አጥንተሽ ነይ።»

ስለ አይሱዙው አልነገረቻቸውም።

ማታ ሶስና የሚመጣውን እሑድ ንባብ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። «ደሴ ሆነን እናነበዋለን» አለች። «ረጅም ረጅሙን ቃል ግን እኔ አነበዋለሁ፤ አንቺ ታስመሺናለሽ።»

ሰኞ ከነጋ በኋላ ደምሴ ጥሩምባውን ነፋ። ወርቅነሽ ልጇን ጋቢናው ውስጥ አስገባችና የቄስ ገበየሁን ምራት ብሌንን ከነአራስ ልጇ አጠገቧ አስቀመጠች።

«እማ፣ አንቺስ?»

«እኔ ለእሑድ የማነበው አለኝ። አክስትሽ እልፍነሽ መናኸሪያ ትጠብቅሻለች። ስትደርሺ ደውዪ።»

በሩን ራሷ ዘጋችው።

በዚያ ሳምንት አቶ ፈንታው ሄዱ። ሶስናና ብሌን ሄዱ። ፋንቱ ከአምስት እንግዶቿ ጋር ቀረች። ሀጂራ ቀረች፣ ቄስ ገበየሁ ቀሩ፣ ወርቅነሽም ቀረች።