መንጠቆው ላይ የቀረው ካርድ

ፊንታን የሻይ ሲኒውን እንደያዘ ሳሎኑ በር ላይ ቆሞ አሁንም ያንኑ ጠየቀ።

«ማክሰኞ ጠዋት አይተሃታል? ስለ ካርዱ ያለችህ ነገር አለ?»

ፖስተኛው አላየኋትም ብሎ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ አለውና ሊሰናበታት ወደ ውስጥ ገባ። የፊንታን እህት አትራክታ ሳሎኑ መሐል በተከፈተ ሣጥን ተኝታለች፤ መቁጠሪያዋ ጣቶቿ ላይ ተጠምጥሟል። ሐሙስ ነው፤ ቀብሩ ነገ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ እንዲሉ፣ ፊንታን ከጠዋት ጀምሮ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሰዎቹ ሳንድዊቻቸውን ይዘው ጥግ ጥጉን ይንሾካሾካሉ፤ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቷል የሚሉም አሉ።

ካርዱ የአውቶቡስ ካርድ ነው፤ ሒሳብ ይሞላበትና ሲሳፈሩ ማሽኑን ያስነኩታል። ወንድምና እህት በአንድ ጣሪያ ሥር ዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገሩ ሲኖሩ የሚጋሩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። የተኳረፉት በበር ቀለም ነው። እናታቸው በሞተች በወሩ ፊንታን ቀዩን በሯን አትራክታን ሳያማክር አረንጓዴ ቀባው። አትራክታ ከሥራ ስትመለስ በሩን አየችው፤ ገብታ ኮቷን ሰቀለችና ዝም አለች። በዚያው ቀረች።

ካርዱ ከኩርፊያው በፊት የተገዛ ነው። ሁለተኛ መግዛት መሸነፍ መስሎ ስለታያቸው አንዳቸውም አልገዙም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእሱ ሆነ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የእሷ። ማንም አላወጀውም። ማታ በር አጠገብ መንጠቆው ላይ ይሰቀላል። ሒሳቡ ካለቀ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰቀላል፤ ባለተራው አይቶ ይሞላዋል።

ማክሰኞ ግን ቀኑ የእሷ ሆኖ ሳለ ካርዱን ሳትወስድ ወጣች። የሰፈራቸውን የፊንግላስን ዳገት በእግሯ ስትወጣ ልቧ ቆመ። ፊንታን ካርዱን መንጠቆው ላይ አይቶት ነበር፤ ቀኑ የእሱ አይደለምና አልነካውም። ረስታው ነው? ተናዳበት ነው? ሰኞ ምን እንዳጠፋ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ነገሩ ዞረበት።

ወደ ወጥ ቤት ገባ። ጎረቤታቸው ዲምፕና እጅጌዋን ሰብስባ ሲኒ ታጥባለች።

«አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ እኔን ዘለልከኝ» አለችው ሳትዞር።

«አይተሻት ነበር?»

«ዳገቱ ሥር። አውቶቡሱ አልፏት ሲሄድ ምነው አልተሳፈርሽም አልኳት። ካርዱን ትቼለት ነው፣ ትናንት ደረጃውን ሲወጣ ጉልበቱ ሲያስቃስተው ሰማሁ አለችኝ።»

ፊንታን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስሜን ጠራችው?»

ዲምፕና እጇን በፎጣ ጠረገች። «እውነቱን ልንገርህ? ለዚያ ጅል ነው ያለችው።»

«ለዚያ ጅል።»

«አዎ። ስትለው ግን ፈገግ ብላ ነው።»

መሳቅም ማልቀስም አማረው፤ የቱን እንደሚያስቀድም አላወቀም። ለእሱ ብላ ዳገቱን ወጣች፤ እሱ ደግሞ ካርዱን ሳይነካ ቤቱ ዋለ። ታዲያ ማንን ጠቀመ? ይህን ለዲምፕና ሊነግራት አፈረ።

ዓርብ ቀበሯት። ለቀስተኛው ተበተነ፤ ዲምፕናም ሳህኖቿን ሰብስባ ወሰደች።

ማክሰኞ ጠዋት ፊንታን ለጉልበቱ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። ውጭ ይዘንባል። ኮቱን ለበሰና ካርዱን ከመንጠቆው አወረደ። አንደኛው ጥግ በአውራ ጣት ከመታሸት ብዛት ተልጦ ነጥቷል። የእሷ ጣት ይሁን የእሱ መለየት አቃተው። ትንሽ ይዞት ቆመ።

ከዚያ መልሶ ሰቀለው፤ ፊቱን ወደ ቤቱ አድርጎ። ማክሰኞ የእሷ ቀን ነው። ባርኔጣውን ደፋ፣ አረንጓዴውን በር ዘጋና እያነከሰ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው።