ከሩቅ የምትሰማው ሚኒባስ

የአለምነህ ሚኒባስ ዳባት ላይ ሳትታይ ትሰማ ነበር። ገና ከጉብታው ጀርባ ስታጓራ ተሳፋሪው ጋቢውን እየደረበ ወደ መንገዱ ይወጣል። ሞባይል በየሰው እጅ ባልገባበት በዚያ ዘመን ድምጿ ቀጠሮ ሆኖ ነበር። እንዲህ የበረታው በጃናሞራ መንገድ ላይ ድንጋይ ሆዷን ቧጥጦ የጭስ ማውጫ ቱቦዋን ከገነጠለው ወዲህ ነው። የሞተሩን ጩኸት የሚያበርደው ሳጥን፣ ማርሚታዋም፣ በዚያው ተሰንጥቋል። የደባርቁ በያጅ ሙሰዓብ "አምጣትና ልጠግናት" ባለው ቁጥር አለምነህ ይስቃል።

"ከጠገንካትማ ማን ሰምቶ ይወጣልኛል? ጡሩንባዬን ልትነጥቀኝ ነው?"

በሐምሌ አንድ ማለዳ ባለቤቱን ዘቢደርን ለእርግዝና ክትትል ወደ ደባርቅ ይዟት ወጣ። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። እግሯን እንድትዘረጋ ብሎ ከኋላው ወንበር ላይ ራሱ ጋቢ አንጥፎ አስቀመጣት። ከጎኗ መምሬ ወልደ ገብርኤል ተቀመጡ። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

"መስኮቱን ዝጉት! ንፋስ ሊመታን ነው!" ተባለ፤ ሁሉም ተዘጋ። በጉሙ ውስጥ መንገዱን ለማየት አለምነህ የራሱን ብቻ በትንሹ ከፍቶ ነዳ።

ደባርቅ ሲደርሱ መምሬ ግንባራቸውን ይዘው ወረዱ።

"ይሄ ደጋ ራሴን እንደፈለጠው ነው።"

"መምሬ፣ የተወለዱት እዚሁ ደጋ ላይ አይደል እንዴ?" አለ አለምነህ እየሳቀ። ዞር ብሎም "ዘቢዬ፣ ደርሰናል" አላት።

አልመለሰችም። ትከሻዋን ነቀነቀው፤ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ወደቀ። ትተነፍሳለች፣ ግን አትነቃም። ተሸክሟት ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ።

ነርሷ፣ ሲስተር አበባየሁ፣ ኦክስጅን አድርጋላት ወደ እሱ ዞረች። "ከሰል ያለበት ቤት ዘግታችሁ አድራችኋል?"

"ኧረ የለም! ከመኪና ነው የወረደችው።"

ይህን እንደተናገረ ነገሩ ገባው። ከኋላ የሚቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን እየያዙ ይወርዳሉ፤ እሱን ግን አሞት አያውቅም። የእሱ መስኮት ክፍት ነው። የተገነጠለው ቱቦ የሚያበቃው ደግሞ ከኋላው ወንበር ሥር ነው፤ እዚያ ያለው ወለል ዝጎ ተበልቷል። ይህንኑ ለነርሷ ነገራት።

ዘቢደር ዓይኗን ስትገልጥ ነርሷ ጡሩንባ የሚመስል የእንጨት መስሚያ ሆዷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

"አለ" አለች ነርሷ ቆይታ። "ና፣ አንተም ስማ።"

ጆሮውን አስጠጋ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ፈጣን እጅ ወንፊት ሲነፋ የመሰለ፣ የማያቋርጥ ቶሎ ቶሎ የሚል ምት መጣ። ቀና ማለት አቃተው።

"ዛሬ አለ" አለችው። "ነገም እንዲኖር ያን ጭስ አቁመው።"

ዘቢደርን እዚያው አስተኝቶ በቀጥታ ወደ ሙሰዓብ ነዳ። ሙሰዓብ ማርሚታውን ፈቶ ሲነቀንቀው ከውስጡ ዝገት ተንኳኳ፤ ውሃም ተንጠባጠበ።

"ዝናብ ገብቶበት ነው?"

"የራሱ ጭስ ላብ ነው። በብርድ ሲቆም ጭሱ ውሃ ይሆንና ከውስጥ ይበላዋል። ድምፁ ሲሻክር፣ ሲንኳኳ፣ ጭሱ መኪናዋ ውስጥ ሲሸት ነበር መምጣት ያለብህ፤ አንተ ግን ዘፈን አደረግኸው።"

ሳጥኑን ለሁለት ሰነጠቀው። አለምነህ ድምፅ የሚያፍን አንዳች ጭድ መሳይ ነገር ጠብቆ ነበር። ያየው ግን ባዶ ክፍሎችንና እንደ ወንፊት የተበሳሱ ቱቦዎችን ነው።

"የሚያፍነው ነገር የታለ?"

"የለም። ድምፁ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ግድግዳውን ይመታና ይመለሳል። ሲመለስ ተከታዩን ያገኘዋል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲስብ ከገጠሙ፣ እዚያው ይጠፋፋሉ።"

"ሁለት ድምፅ ተገናኝቶ... ዝምታ?"

"ሁሉም አይጠፋም፤ የሚበዛው ግን ይጠፋል። ክፍሎቹ ተለክተው የተሠሩት ለዚያ ነው።"

አለምነህ ጣቱን በቀዳዳዎቹ ላይ አሳለፈ። በአንድ ማለዳ ሁለት ቱቦ አየ፤ አንዱ የማይሰማውን አሰማው፣ ሌላው ያን ሁሉ ጩኸት በባዶ ክፍል ያጠፋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደደረሰ ሰው ቆቡን አወለቀ።

"ምን ሆንህ? ሰው ሞተ እንዴ?" አለው ሙሰዓብ።

"አልሞተም" አለ አለምነህ። "አልሞተም።"

ሙሰዓብ ደህና ማርሚታ ገጥሞ ቱቦውን እስከ መኪናዋ ጭራ ወሰደው፤ የተበላውን ወለልም በላሜራ ደፈነው። ሞተሩን አስነስቶ የቱቦውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ለአፍታ አፈነና መገጣጠሚያዎቹን አዳመጠ። የሚያፏጭ፣ ጭስ የሚያሾልክ ቀዳዳ የለም።

በሳምንቱ ዘቢደር ለክትትል ስትመለስ ዳባት ላይ አንድም ሰው መንገድ አልወጣም። አለምነህ ጡሩንባውን ደጋግሞ ነፋ። መምሬ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ሮጠው ደረሱ።

"ልጄ፣ እንደ ሌባ ነው እንዴ የምትመጣው?"

"ከእንግዲህ እንዲህ ነኝ፣ መምሬ። ዛሬ ደግሞ ደጋው ራስዎን ከፈለጠዎት ይንገሩኝ።"

ጉሙ እንደ ወትሮው ነው፤ መስኮቱም ተዘጋ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ አለምነህ በዚያች መኪና ሰምቶት የማያውቀውን ሰማ፤ ከኋላው ወንበር ሰዎች ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ያወራሉ። ከመካከላቸው የዘቢደር ድምፅ ለስለስ ብሎ መጣ።

"አለምዬ፣ ቀስ በል እስቲ። እየተራገጠ ነው።"

ቀስ አለ።