የእማማ ዘነበች ቴሌቪዥን

ንዴቴ ቅርብ ነው፤ ደብረ ታቦር አብረውኝ የሚያስተምሩ ሁሉ ያውቁታል። በ2009 ክረምት የተናደድኩት ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ቴሌቪዥን ወደ ደቡብ ጎንደር ገጠር እንዴት እንደገባ ላጠና ባሕር ዳር አንድ የፊልም ማኅደር ገብቼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየሁት ሹም ብቻ ነው። ካሴቱ ሁሉ የተመዘገበው በሹም ስም ነው። ሕዝቡስ የት አለ ብዬ ስጠይቅ የማኅደሩ ሠራተኛ ደሳለኝ «ሕዝብ ከሆነ ‹ልዩ ልዩ› የሚለውን እዪ» አለኝ። አገር ሙሉ ሰው ልዩ ልዩ ተብሎ ቁጭ!

ተስፋ ቆርጬ እንዳልወጣ ያደረጉኝ እማማ ዘነበች ናቸው። ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ጉና ሥር ባለች ቀበሌ ይኖራሉ። በደርግ ጊዜ ለገበሬ ማኅበሩ የተሰጠው ቴሌቪዥን ጠባቂ ነበሩ። ቴሌቪዥኑ በእንጨት ሳጥን ሆኖ መጋዘን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ ዜና ሊያይ ሲመጣ እሳቸው ይከፍቱለታል፣ ጄኔሬተሩም ይነሳል። በ1987 አንድ ጠዋት ሳጥኑ ከነቴሌቪዥኑ ጠፋ። ቁልፉ ያለው ዘነበች እጅ ነው፤ እንግዲያው ሌባዋ ዘነበች ናት ተባለ። ሦስት ወር ታሰሩ። ሲወጡ ደግሞ የባሰው ጠበቃቸው። የማርያም ጽዋ ማኅበራቸው «እጇ ያደፈ ጽዋ አትቀበልም» ብሎ አስወጣቸው። ጽዋውን የተቀበለ ነው በቀጣዩ ወር በተራው ማኅበሩን የሚደግሰው፤ ጽዋ የተከለከለ ሰው ጎረቤትም ዘመድም እንደሌለው ነው። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲያ ኖሩ።

ማኅደሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቴሌቪዥኑ ልጠይቃቸው የሄድኩ ጊዜ ሁሉንም ነግረውኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ሳልሞት አንዴ ጽዋውን ብቀበል፤ ሌላ አልሻም» ነው ያሉኝ።

በአራተኛው ሳምንት አገኘሁት። ካሴቱ ላይ የተጻፈው የአንድ ሹም ስምና «የአዳራሽ ምረቃ፣ 1987» የሚል ነው። ዓመቱ እማማ ዘነበች የታሰሩበት ዓመት ነው። ሹሙ ሪባን ይቆርጣል፣ ይጨበጨባል፣ ካሜራው ዞር ሲል ጥግ ላይ የእንጨት ሳጥን ይታያል። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የገበሬ ማኅበሩ ስም ተጽፏል። ጽሑፉን ለማጥፋት እንኳ አልተጨነቁም! ሹሙ ፈገግ ብሎ «ለወጣቱ ያዘጋጀነው ቴሌቪዥን» ይላል።

ወንበሬን ገፍቼ ስነሳ ደሳለኝ ደነገጠ።

«ምን አየሽ?»

«ሌባ!» አልኩት።

ከማኅደሩ የፈቃድ ደብዳቤ አጽፌ፣ የካሴቱን ቅጂ በላፕቶፔ ይዤ፣ ጥቅምት ሃያ አንድ ለማርያም ወደ ጽዋ ማኅበሩ ወጣሁ። ተረኛው ደጋሽ የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የሚሏቸው፣ አቶ እሸቴ ነበሩ። እማማ ዘነበች ተከትለውኝ መጡ፤ ስላልተጠሩ ግን ከበሩ አላለፉም። ላፕቶፑን መሶቡ አጠገብ አስቀምጬ ከፈትኩት። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይኸው!» አልኩ። «እማማ ዘነበች አልሰረቁም!»

ማንም አልተገረመም። ክው ያልኩት እዚያ ላይ ነው። አቶ እሸቴ ጠላቸውን ጨልጠው ሲያበቁ «ሳጥኑማ እሱው ነው» አሉ ረጋ ብለው። «እኔው አይደለሁ በበቅሎዬ ጭኜ ገሳይ ያወረድሁት? ሹሙ ትርፍ ቁልፍ ነበረው።»

«ያውቁ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቅ ነበር እንጂ። ምን እናድርግ ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ሹሙ ከተነሳ እኮ ሃያ ዓመት አልፎታል!»

«እህ! ከዚያ ወዲያ ማን ጠየቀን?»

ጮህኩባቸው። በሽማግሌ ፊት እንዲያ መጮሄን ሳስበው ዛሬም አላፍርም። እኔ ባሕር ዳር አቧራ እየቃምኩ ካሴት ስበረብር፣ ለካ ማኅደሩ እዚህ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል!

አቶ እሸቴ ጩኸቴን አሳልፈው፣ ጽዋውን አንስተው ወደ በሩ ዘረጉ። «በይ ዘነበች፣ ይቅር ለእግዚአብሔር። እንኪ ተቀበዪ።»

እማማ ዘነበች ከቆሙበት አልተነቃነቁም። የሚያዩት ከማኅበርተኞቹ መካከል የተቀመጡትን የንስሐ አባታቸውን ቄስ ገብረ ማርያምን ነበር።

«አባ» አሉ፣ «መጋዘኑን ሳልቆልፍ ሄጄ ይሆናል፣ የሕዝብ ንብረት በእኔ ዝንጉነት ጠፋ ብዬ ለአንቱ ተናዘዝሁ። በየዐቢይ ጾሙ ስገጂ አሉኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድሁ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «አንቱም ያውቁ ነበር?»

ቄስ ገብረ ማርያም ዓይናቸውን ወደ እጅ መስቀላቸው መለሱ።

አቶ እሸቴ ጽዋውን ዘርግተው እንደቆሙ፣ እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሄዱ።