የሕማማት ዘይት

ሰው ከሞት ሲሸሽ ሆዱን የሚረሳ ይመስላችኋል? እኔ አልረሳሁም። ሁለት ወር ሙሉ ከእናቴ የጎመን ዘር ጆንያዎች ጀርባ ተደብቄ ስኖር፣ ከፍርሃቴ እኩል ያሠቃየኝ የምግብ ነገር ነበር። ይህን መናገር ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው። ወረቀት በትነሃል ተብዬ እፈለጋለሁ። አብረውኝ ከበተኑት ሁለቱ ተይዘው አልተመለሱም። እናቴ ወይዘሮ ወለተማርያም አባቴ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው ነገራ የሚባል የሱሉልታ ገበሬ የሚያመጣላትን ጎመን ዘር አዲሱ ገበያ አውጥታ እየሸጠች ነው። ጉለሌ ባለው ቤታችን ጓዳ ውስጥ ጆንያዎቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቃ እስከ ጣራ ደረደረቻቸውና እኔን ከኋላ ከተተችኝ። ዳር ላይ ያለው ትንሹ ጆንያ መግቢያ መውጫዬ ነበር። ለጎረቤት ጎጃም አጎቱ ጋ ሄዷል አለች። የጎመን ዘሩ ፍሬ ከጤፍ እምብዛም አይተልቅም፤ በየስፌቱ እየሾለከ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፣ በአንገቴ ይወርዳል። እንደ ልብ ጋደም ማለት እንኳ አይቻልም።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። እናቴ ሑዳዴን በዘይት ብትጾምም በሕማማት ዘይት በአፏ አይዞርም። ማታ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ቆሎ በውኃ፣ በቃ። ለእኔም የምታቀብለኝ ያንኑ ነበር፤ ሌላ ብታበስል ማን በላው ይባላልና። ሰኞን ቻልኩ። ማክሰኞ ግን መነጫነጭ ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ያለፈኝ፣ አገር እለውጣለሁ ስል የነበርኩት ሰውዬ በጆንያዎቹ መሃል ባለው ክፍተት አፌን ደቅኜ፣ አንዲት ቀን ብቻ ዘይት የገባበት ሽሮ አብዪኝ እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩባት። ጾሙ የእሷ እንጂ የእኔ እንዳልሆነም ነገርኳት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሠራችው። የኑግ ዘይት ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ቤት ውስጥ ያለው የጎመን ዘር ዘይት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሽንኩርት ሲቁላላበት አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ሦስት ቤት አልፎ ይሸታል። በሩን ቀረቀረች፣ መስኮቱን በጋቢ ሸፈነች። ሽሮው ከእሳት ሳይወርድ በሩ ተንኳኳ።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ስለሺ ነበር። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ያደገ፣ በልጅነቱ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ የበላ ነው። ሌላ ጠባቂ ቢሆን ወጥ ሸተተኝ ብሎ ያልፍ ነበር። ስለሺ ግን እናቴን ያውቃታል።

ጠመንጃው መቃኑን ሲነካ ሰማሁ። በአክብሮት ሰላም አላትና ቁጭ በል ሳትለው ተቀመጠ።

«እትዬ ወለተማርያም፣ እርስዎ በሕማማት ዘይት ይበላሉ?»

ጨጓራዬን ታምሜ ሐኪም ደረቅ ነገር ከለከለኝ አለችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት፤ መለሰችለት። ማዘኑን ነገራት።

«እንግዲያው ሳይቀዘቅዝ ይብሉ። እኔ ቁጭ ብዬ አጫውትዎታለሁ።»

ከመብላቷ በፊት ሁልጊዜ የምትደግመውን ጸሎት አልደገመችም። እንጀራው ሲቆረስ ሰማሁ፣ ስትውጥ ሰማሁ። ለእኔ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ነበር። ስለሺ ስለ በልጉ ዝናብ መዘግየት እያወራ ጠበቃት። አንድ ጊዜ ትን ብሏት ውኃ አቀበላት። ብወጣ ሁለታችንም እናልቃለን፤ ባልወጣ አርባ ዓመት የጠበቀችውን ጾም በእኔ ሆዳምነት ታፈርሳለች። እጄን ነክሼ ቆምኩ። አልወጣሁም፤ ፈሪ ነኝ፣ እሱንም አልደብቅም።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ስለሺ ተነሣ። ወደ ጓዳው ብቅ ብሎ አንዱን ጆንያ በመዳፉ መታ መታ አደረገና ይማርዎት ብሏት ሄደ።

ዓርብ ስቅለት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ ለስግደት ወጣ። ጎረቤታችን ብርቅነሽ ስትጠራት እናቴ አሞኛል ብላ ቀረች። ዘይት በበላ አፏ ከምእመን መሃል መቆም አልቻለችም። ከጆንያዎቹ ፊት ለፊት ብቻዋን ትሰግድ ጀመር። ግንባሯ ወለሉን በነካ ቁጥር ይሰማኛል። መቶ ላይ ስደርስ ቆጠራውን መቀጠል አቃተኝ። ትንሹን ጆንያ ገፋሁና ጭንቅላቴን አወጣሁ። እጄን ለቀበሌ ልስጥ፣ አንቺም ቤተክርስቲያንሽ ሂጂ አልኳት።

ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየችኝ። ግንባሯ አቧራ ነበር።

«ግባ» አለችኝ። «ከወጣህማ የበላሁት ለማን ነው?»

እሷ ወደ ስግደቷ ተመለሰች፤ እኔም ጆንያውን ወደ ቦታው ስቤ በራሴ ላይ ዘጋሁት።